ከ‹ኤንድ› በፊት ያለችው ኮማ ስህተት አይደለችም፤ ነጥብ አትቀንሱባት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የትምህርት ገጽ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ጸሐፊው የዘንድሮ ተማሪ እንግሊዝኛ ምን ያህል እንደወረደ ይዘረዝሩና አንዱን ማስረጃ ኮማ ያደርጉታል። ልጆቹ ነገር ሲዘረዝሩ ከ‹ኤንድ› (‹እና› ማለት ነው) በፊት ኮማ ያስገባሉ፣ ይህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሕግ የተከለከለ ነው ይላሉ። የተከለከለ አይደለም። ለእንግሊዝኛ ሕግ የሚያወጣ አንድ አካዳሚ የለም። ያሉት የየማተሚያ ቤቱና የየተቋሙ መመሪያዎች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ትልልቆቹ ይህችን ኮማ አስገቡ ብለው የሚያዙ ናቸው። ጋዜጣችሁን ብዙ መምህር ያነበዋል። ነገሩ ሳይታረም ከቀረ ዳፋው ለተማሪው ነው፣ ለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ።

እኔ መምህር አይደለሁም። ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ የጽሑፍና የፕሪንት ሥራ ነው የምሠራው። መመረቂያ ጽሑፍ፣ ፕሮፖዛል፣ ሲቪ፣ የሆቴል ሜኑ፣ ጣና ላይ ለሚሠሩ ጀልባዎችና አስጎብኚዎች ብሮሸር፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ይህች ኮማ በቀይ እስክሪብቶ ስትገባና ስትወጣ፣ ተማሪውም በዚህ ምክንያት ገንዘቡን ሲጨርስ በየቀኑ አያለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሦስትና ከዚያ በላይ ነገር በእንግሊዝኛ ስንዘረዝር በመካከል ኮማ እናስገባለን፣ ከመጨረሻው በፊት ደግሞ ‹ኤንድ› እንላለን። ጥያቄው ከ‹ኤንድ› በፊት ኮማ ይግባ ወይስ አይግባ ነው። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ልጻፈው። «ዘጌ ውስጥ ቡና፣ ጌሾ ኤንድ ሎሚ ይበቅላል» የሚል ሰው አለ። «ቡና፣ ጌሾ፣ ኤንድ ሎሚ» የሚልም አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ልዩነቱ ጸሐፊው የሚከተለው መመሪያ ነው።

ኮማዋ ስም አላት፣ ኦክስፎርድ ኮማ ትባላለች። ስሟ የመጣው ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። እዚያ የኅትመቱን ሥራ ይመሩ የነበሩት ሆራስ ሃርት በ1893 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለፊደል ለቃሚዎችና ለአራሚዎች ትንሽ የደንብ መጽሐፍ አዘጋጁ። መጽሐፉ በ1904 ለሕዝብ ገበያ ወጣ። ማተሚያ ቤቱ ዛሬም ድረስ ኮማዋን ይጠቀማል። አሜሪካ ውስጥም የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መመሪያ፣ መጀመሪያ በ1906 የወጣው፣ አጥብቆ ይመክራታል። በሌላ ወገን ጋዜጠኞቹ አሉ። አሶሺየትድ ፕሬስ ቀላል ዝርዝር ላይ አታስገቡ ይላል፤ ትርጉም የሚያምታታ ከሆነ ግን አስገቡ ይላል። ዘ ጋርዲያንና ሌሎች የእንግሊዝ ጋዜጦችም በአብዛኛው እንደዚሁ ናቸው። በጠባብ ዓምድ ለሚጽፍ ሰው አንዷ ምልክትም ቦታ ትፈጃለች።

ልብ በሉ፣ እዚያው በባለቤቶቹ አገርም ነገሩ አልረጋም። በ2011 ኦክስፎርድ የራሱን ኮማ ጣለ ተብሎ ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። አታስገቡ ያለው የዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል መመሪያ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ግን እንደያዛት ቀጠለ። አንድ ስም ይዘው፣ አንድ ከተማ ተቀምጠው፣ ሁለት ደንብ! በ2020 እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ የ50 ፔንስ ሳንቲም አወጣች። ሳንቲሙ ላይ «ሰላም፣ ብልጽግና ኤንድ ከሁሉም አገሮች ጋር ወዳጅነት» የሚል ተጽፎበታል፣ ከ‹ኤንድ› በፊት ኮማ የለውም። አንድ ታዋቂ ደራሲ ኮማው ስለቀረ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ሳንቲሙን አልጠቀምም ይበል ብለው አደባባይ ወጡ። በ2022 ደግሞ አዲስ የተሾሙት የእንግሊዝ የጤና ሚኒስትር ቴሬዝ ኮፊ ሠራተኞቻቸው ይህችን ኮማ እንዳይጠቀሙ መመሪያ ሰጡ ተብሎ አገር ተንጫጫ። እነሱ ያልተስማሙበትን ነገር እኛ ባሕር ዳር ላይ ሆነን ‹ስህተት› ብለን ከልጅ ላይ ነጥብ የምንቀንሰው በምን አግባብ ነው?

የእኛ አገር እንግሊዝኛ ደግሞ ከአሜሪካም ከእንግሊዝም የተቀዳ ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ከ1962 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አስተምረዋል። ብሪቲሽ ካውንስልም እዚህ አገር ለረጅም ዘመን ሠርቷል። አንዱ መምህር አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ቢቀር አይገርምም። የሚያስከፋኝ እያንዳንዱ የያዘውን ይዞ የሌላውን ‹አለማወቅ› ማለቱ ነው።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ምዕራፍ ሦስትን ይዛ መጣች። አማካሪዋ አርመው የመለሱላት ነው። ገጹ ላይ «ዕድሜ፣ ፆታ፣ ኤንድ የትምህርት ደረጃ» የሚል ዝርዝር አለ። ከ‹ኤንድ› በፊት ያለችው ኮማ በቀይ ተከባለች፣ ከክቡ ላይ ጭረት ወጥቶ ኅዳጉ ላይ ‹ሰዋስው!› ተብሏል። ከሥሩ ያለው ዝርዝር ላይም እንደዚሁ፣ በሚቀጥለው ገጽም እንደዚሁ። አወጣንላት፣ አተምን፣ ወሰደች። ከዲፌንስ፣ ማለትም ጽሑፏን ፈታኞች ፊት ካቀረበች በኋላ ተመልሳ መጣች። ፈታኙ ደግሞ እነዚያኑ ቦታዎች ከበው ‹ኤፒኤ ተከተዪ፣ ኮማ ይግባ› ብለዋል። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ «እትዬ፣ የትኛውን ነው የምሰማው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሁለቱም ፈራሚ ናቸው። የአንዱ ፊርማ ከቀረ አትመረቅም።

ያዘነችው በከንቱ አይደለም። ጽሑፉ በኤፒኤ እንዲሠራ ያዘዘው ትምህርት ክፍሉ ራሱ ነው። ኤፒኤ ማለት የአሜሪካ የሳይኮሎጂ ማኅበር መመሪያ ነው፣ ሰባተኛው እትሙ በ2019 ወጥቷል፣ እና ሦስትና ከዚያ በላይ ነገር ሲዘረዘር ከመጨረሻው ‹ኤንድ› ወይም ‹ኦር› (‹ወይም› ማለት ነው) በፊት ኮማ ይግባ ብሎ በግልጽ ያዛል። ያው አማካሪ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ማጣቀሻ ዝርዝሩ ውስጥ፣ የጸሐፊዎች ስም መካከል ከ‹&› በፊት ያለችውን ኮማ አልነኩም። እዚያ ጋ እንዲያውም የጎደለች አንዲት ኮማ ጨምረዋል። ኤፒኤን ማጣቀሻው ላይ አክብሮ ጽሑፉ ላይ ስህተት ማለት አይሆንም።

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። ተማሪው ‹ከኤንድ በፊት ኮማ የለም› የምትለውን ብቻ ይዞ ይመጣና «በፍለጋና በመተካት ሁሉንም አጥፊልኝ» ይለኛል። ወርድ ውስጥ ኮማና ‹ኤንድ› የተከታተሉበትን ሁሉ ፈልጎ ኮማውን ማውጣት የሰከንድ ሥራ ነው። ግን እንግሊዝኛ ውስጥ ከ‹ኤንድ› በፊት ኮማ የሚገባው በዝርዝር ብቻ አይደለም። ባለቤትም ግስም ያላቸው ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በ‹ኤንድ› ሲያያዙ ከመካከላቸው ኮማ ይገባል፣ በተለይ ረጃጅም ከሆኑ። «ዝናቡ ዘግይቶ ጀመረ፣ ኤንድ ገበሬዎቹ ዘር መዝራቱን ወደ ሐምሌ አሸጋገሩ» እንደማለት ነው። ይህችን ኮማ የኦክስፎርድ ጠላቶችም አያወጧትም። ሁሉንም ባንዴ ያጠፋ ተማሪ ትክክለኛውንም አብሮ ጠርጎ ያወጣዋል፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ እርስ በርሱ ይጣበቅና የሚነበብ አይሆንም። እኔ ሁሉንም በአንዴ አላጠፋም፣ አንድ በአንድ እያየን ነው የምንሄደው እላለሁ። ጊዜ ይፈጃል። ዲፌንስ ነገ የሆነበት ልጅ ግን ጊዜ የለውም።

ኮማዋ ትርጉም ላይ ምን እንደምትሠራ ደግሞ ከሰፈራችን ምሳሌ ልስጥ። ሐይቁ ዳር ላለ ምግብ ቤት የእንግሊዝኛ ሜኑ ሠርቼ ነበር። ባለቤቱ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ከዓሣው ጋር የሚመረጡት ማጀቢያዎች «ድንች ጥብስ፣ አትክልት፣ ሩዝ ኤንድ ሰላጣ» ተብለው ተጽፈዋል። ምርጫው ሦስት ነው ወይስ አራት? ሩዝና ሰላጣ በአንድ ሳህን ነው የሚመጣው ወይስ ሩዙ ለብቻው፣ ሰላጣው ለብቻው? እንግዳው ያለ ኮማ ሲያነበው በሁለቱም መንገድ ሊረዳው ይችላል። ባለቤቱን ጠየቅኳቸው፣ አራት ነው አሉ። ኮማዋን አስገባሁ፣ ነገሩ አለቀ።

ግን ኮማዋ ሁልጊዜ ታድናለች ማለት አይደለም፣ እሷን የሚያመልኩም ይህን ይስሙ። የጣና ገዳማትን የሚያስጎበኝ ሰው በብሮሸሩ ላይ «ክብራን ገብርኤል፣ የወንዶች ገዳም፣ ኤንድ እንጦስ ኢየሱስ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ እንበል። አገሩን የሚያውቅ ሰው ‹የወንዶች ገዳም› የሚለው ስለ ክብራን የተነገረ መሆኑ አይጠፋውም። ክብራን ሴት አይገባበትም፣ አጠገቡ ያለው እንጦስ ግን ለሴቶችም ክፍት ነው። ከውጭ የመጣች ጎብኚ ግን ይህን ዝርዝር ስታየው ሦስት ቦታ ይመስላታል። ክብራን አንድ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ የወንዶች ገዳም ሁለት፣ እንጦስ ሦስት። ስለዚህ ክብራን መግባት እችላለሁ ብላ ጀልባ ትይዛለች፣ ደሴቱ ላይ ስትደርስ ግን አይቻልም ትባላለች። እዚህ ጋ ያደናገረችው ራሷ ኮማዋ ናት። መፍትሔው ኮማ ማስገባት ወይም ማውጣት ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን መልሶ መጻፍ ነው። «ለወንዶች ብቻ የሆነው ክብራን ገብርኤል ኤንድ ለሁሉም ክፍት የሆነው እንጦስ ኢየሱስ» ቢባል ኮማም አያስፈልግም።

ኮማ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆና ታውቃለች፣ ይህን መምህራን ለተማሪ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ሜይን በምትባል የአሜሪካ ግዛት ኦክኸርስት የተባለ የወተት ድርጅት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባናል ብለው ከሰሱ። በግዛቲቱ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ሕጉ ግን ይህ የማይመለከታቸውን ሥራዎች ይዘረዝራል። ምግብ በቆርቆሮ ማሸግ፣ ማቀነባበር፣ ማስበረድ፣ ማድረቅ፣ ለገበያ ማቅረብ፣ ማከማቸት እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ ‹ማሸግ› ይላል፣ ከዚያ ‹ለጭነት› ይላል፣ ከዚያ ‹ኦር ስርጭት› ይላል። ከ‹ኦር› በፊት ኮማ የለም። ድርጅቱ ስርጭት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ሾፌር ደግሞ አሰራጭ ነው፣ ስለዚህ የትርፍ ሰዓት አይገባውም አለ። ሾፌሮቹ የለም፣ ሁሉም አንድ ሥራ ነው፣ እሱም ማሸግ ነው፣ ለጭነትም ይሁን ለስርጭት ማሸግ፤ እኛ ደግሞ እንነዳለን እንጂ አናሽግም አሉ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። በ2017 ግን የፌደራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ አሻሚ ነው፣ አሻሚ ከሆነ ደግሞ ለሠራተኛው በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል ብሎ ለሾፌሮቹ ወሰነ። በ2018 ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ።

የሚገርመው ክፍል ይህ ነው። የሜይን የሕግ አርቃቂዎች መመሪያ ይህችን ኮማ አታስገቡ ይላል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ መመሪያቸውን አልጣሱም፣ መመሪያቸውን ተከትለው ነው እዚህ ጣጣ ውስጥ የገቡት። ከውሳኔው በኋላ የግዛቲቱ ምክር ቤት አንቀጹን አሻሻለው። ያስገባው ግን ኮማ አይደለም፣ በእኛ ድርብ ሰረዝ የምንለውን ምልክት በየሥራው መካከል አስገባ፣ ‹ስርጭት› የሚለውንም ‹ማሰራጨት› አድርጎ ከሌሎቹ ጋር አስተካከለው። ‹የተከለከለ ነው› የሚሉት ጸሐፊያችሁ ይህን ታሪክ አንዴ ቢያስቡት እወዳለሁ።

በአማርኛ ይህ ጣጣ ብዙም አይገጥመንም። ‹ቡና፣ ጌሾና ሎሚ› ስንል ‹ና› ከጌሾ ጋር ተጣብቃለች፣ ሰረዝ የሚገባበት ቦታም የለም። ‹እና› ብለን ለይተን ስንጽፍም ከፊቷ ነጠላ ሰረዝ ማስገባት አልለመድንም። ተማሪውም መምህሩም ይህን ልማድ ይዞ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ኮማዋ ትርፍ ትመስለዋለች። ይህ የሚገባኝ ነገር ነው። ግን ልማዳችን የእንግሊዝኛ ሕግ አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ ጥንቃቄው የበለጠ መሆን አለበት። ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚታተመው፣ ልዩነት ከተፈጠረ የሚጸናው አማርኛው ነው። ውል የሚያዘጋጅ ሰው ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ መከታ የለውም። በእንግሊዝኛ ብቻ ተዋውሎ የሚፈርም ነጋዴ ዝርዝሩ ውስጥ የተዋዋለው ሦስት ነገር ይሁን አራት ከመፈረሙ በፊት ማወቅ አለበት።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። የየትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች፣ ለተመራቂዎች የምትሰጡት የአጻጻፍ መመሪያ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ኤፒኤ ካላችሁ ኮማዋ ትግባ በሉ። የጋዜጣ አጻጻፍ የምትመርጡ ከሆነ አትግባ በሉ። አማካሪውም ፈታኙም ያንን ይከተል። የ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ መምህራን፣ ልጆቹ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት በእናንተ እጅ ነው። ሁለቱንም አሳዩዋቸው፣ አንዱን መርጠው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንዲጸኑበት አስተምሯቸው፣ አንድ ገጽ ላይ አስገብቶ ሌላው ላይ ያወጣውን ልጅ ያኔ አርሙት። ትርጉሙ የተምታታ ዝርዝርም ካያችሁ ምልክቷ ላይ ከመክበብ ‹ይህ ስንት ነገር ነው?› ብላችሁ ጠይቁት። እሱ ጥያቄ ልጁ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ለተማሪዎችም አንድ ነገር። ወርድ ላይ የሰዋስው ማረሚያው ማስተካከያ ውስጥ ስትገቡ ኦክስፎርድ ኮማ የሚል ምርጫ አለ። አብርታችሁ ወይም አጥፍታችሁ ሥሩ፣ ማረሚያው አንዳንዴ ከሥራችሁ ጋር የሚጣላው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አማካሪያችሁን «ኮማዋን ልጠቀም ወይስ አልጠቀም?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም በጽሑፍ ያዙት። ፈታኙ ሲጠይቃችሁ ታሳዩታላችሁ።

እናንተን አዘጋጆቹን ደግሞ የምጠይቃችሁ ማረሚያ እንድታወጡ ነው። ያ ጽሑፍ የወጣው በትምህርት ገጻችሁ ላይ ነው፣ ማረሚያውም እዚያው ገጽ ላይ ይውጣ። የሰኔ ዲፌንስ ሳይጀምር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፣ አሁን ረቂቃቸውን ይዘው ወደ አማካሪ የሚመላለሱ ልጆች ብዙ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሪንት ቤት ባለቤት፣ ከባሕር ዳር